ጉበቱ የታመመ ሰው ዳግም ራሱን እንዳይስት፦ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ፣ ደረጃ በደረጃ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አባባ ተነስተው ጋቢያቸውን ደረቡና «በቅሎዋን ጫኑልኝ፣ ደምቢያ ልወርድ ነው» አሉ። በቅሎዋ ከተሸጠች 20 ዓመት አልፏል። እናቴ በስመ አብ ብላ መብራት አበራች። አባባ አፍጥጠው አዩዋት እንጂ ስሟን መጥራት አልቻሉም። ጠዋት ጎረቤት ግቢውን ሞላው። አንዷ ዛር ነው አለች። ሌላዋ የሰው ዓይን ነው አለች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «እርጅና ነው፣ ተዉአቸው» ብለው ዘጉት።

ጉበታቸው ነበር። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ለዓመታት ሲበላው ኖሮ ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል። ሐኪሞች ሲሮሲስ ይሉታል። ሆስፒታል ገቡ፣ ሽሮፕ ጀመሩ፣ ሆዳቸው ታጠበ። በ3ኛው ቀን ከነርሷ ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ይከራከሩ ጀመር። ተአምር ነው አልን። ጓዛችንን ይዘን አዘዞ ቤታችን ገባን። በ6ኛው ሳምንት እንደገና ሳቱ። የመጀመሪያው የበሽታው ነው። ሁለተኛው ግን የእኛ የቤት ሰዎቹ ጥፋት ነበር። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ይህን የምጽፈው ያ ሁለተኛው በእናንተ ቤት እንዳይመጣ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። ግን ሐኪሙ ሕመምተኛውን የሚያየው በወር አንዴ ነው። የቀረውን 29 ቀን የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ነገሩ እንዴት ነው የሚመጣው?

አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ሲሠሩ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያመርታሉ። ጤነኛ ጉበት አሞኒያውን ወደ ዩሪያ ቀይሮ በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል። በጠባሳ የደረቀ ጉበት ግን ይህን አይችልም። ሌላም ጣጣ አለ። ከአንጀት የሚመጣው ደም በደረቀው ጉበት ማለፍ ሲያቅተው በጎን ሌላ መንገድ ያበጃል። ፒያሳ ላይ መንገድ ሲዘጋ ባጃጁ ሁሉ በውስጥ ለውስጥ እንደሚሹለከለከው ማለት ነው። ያ ደም ሳይጣራ አእምሮ ይደርሳል። ቢልሃርዚያ ለረጅም ጊዜ ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎችም ይህ የጎን መንገድ ይከፈትባቸዋል። አሞኒያው ሲበዛ ሰውየው ይፈዛል፣ ይቀባጥራል፣ ሲብስ ራሱን ይስታል። ካርዱ ላይ «ሄፓቲክ ኢንሴፋሎፓቲ» የሚል ካያችሁ ይኸው ነው።

1. ምን እንዳመጣው ሳትጠይቁ ከሆስፒታል አትውጡ

ይህ ችግር ብዙውን ጊዜ የሚገፋው ነገር አለ። የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽን፣ የሆድ ዕቃ ደም መፍሰስ፣ የበዛ የሽንት መድኃኒት፣ የፖታሲየም (በደም ውስጥ ያለ ማዕድን) ማነስ፣ የእንቅልፍ ኪኒን፣ መጠጥ፣ ወይም ደግሞ ሽሮፑን ማቋረጥ። እኛ መጀመሪያ ስንወጣ የያዝነው «ተሽሏቸዋል» የሚለውን ብቻ ነው። ቤት ስንደርስ ምን እንደምንጠብቅ አናውቅም።

ስለዚህ የመውጫው ቀን ሐኪሙን ያዝ አድርጉና ጠይቁ። «ዶክተር፣ የአሁኑን ምን አመጣው? ሽሮፑን መቼ ልጨምር፣ መቼ ልቀንስ? ከድሮ መድኃኒቶቹ የቆመ አለ? ባሰ ብዬ ካሰብኩ ማንን ልጥራ?» መልሱን ደብተር ላይ ጻፉ። ሐኪሙ ቢቸኩል ነርሷን ወይም የሆስፒታሉን ፋርማሲስት ጠይቁ። በእኔ ልምድ ፋርማሲስቶቹ እንዲያውም የበለጠ ቁጭ ብለው ያስረዳሉ።

2. ሽሮፑን በሚሊ ሊትር ሳይሆን በሽንት ቤት ለኩት

ላክቱሎዝ የሚባለው ሽሮፕ የዚህ ሁሉ ሥራ ምሰሶ ነው። ሰው የሆድ ማለስለሻ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። አንጀት ውስጥ ገብቶ አካባቢውን አሲዳማ ያደርገዋል። ያኔ አሞኒያው ወደ ደም ከመግባት ይልቅ እዚያው ተይዞ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ስለዚህ ሕመምተኛው «ሆዴ እኮ አልደረቀም» ብሎ ቢተወው ትልቅ ስህተት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ነው። ግን ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ግቡ አይደለም። ግቡ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ ነው። አንዱ ሰው በ30 ሚሊ ሊትር እዚያ ይደርሳል፣ ሌላው 90 ይፈልጋል። እኛ ከሐኪሙ ጋር የተስማማንበት ደንብ እንዲህ ነበር። እስከ ቀን 9 ሰዓት ድረስ አንድ ጊዜም ካልወጡ፣ አንድ መጠን ይጨመራል። 2 ወይም 3 ጊዜ ከወጡ እንዳለ ይቀጥላል። 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ውሃ ከሆነ የሚቀጥለው መጠን ይቀነሳል። ለእናንተ ሕመምተኛ የሚሆነውን ደንብ ከሐኪማችሁ አስጽፉ።

ከመጠን ማለፉን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። «ብዙ ሲያስቀምጠው መርዙ ይወጣለታል» የሚሉ አሉ። ውሃ ውሃ የሚል ተቅማጥ ሰውነትን ያደርቃል፣ ፖታሲየምን ያወርዳል። ፖታሲየም ሲወርድ ኩላሊት ራሱ ተጨማሪ አሞኒያ ያመርታል። ልታድኑት ስትሉ መልሳችሁ ትጥሉታላችሁ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። የጎንደር ሰው አባቱን «አባባ፣ ዛሬ ስንቴ ወጡ?» ብሎ እንዴት ይጠይቃል? እኔ ለሁለት ሳምንት አፍሬ ዝም አልኩ። አባባም ያፍራሉ፤ ሲጠየቁ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። መላ የዘየደችው እናቴ ናት። ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ባዶ ጣሳ ሰቀለች። ከጎኑ ሽምብራ በሳህን። ሰገራ በወጡ ቁጥር አንድ ፍሬ ጣሳው ውስጥ ጣል ያደርጋሉ። ማታ እኔ እቆጥራለሁ። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሳይቆጠር አላለፈም።

መለኪያው ላይ ተጠንቀቁ። የወጥ ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን ክዳን ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ሲሪንጅ ተጠቀሙ። ጣዕሙ በጣም ስለሚጣፍጥ አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል፤ በውሃ ወይም በጁስ በጥብጡት። በመጀመሪያው ሳምንት ሆድ ይነፋል፣ አየር ይበዛል። እየቆየ ይለመዳል።

ሽሮፑ በብዛት የሚዘለለው ሰው ከቤት ሲወጣ ነው። ልቅሶ፣ ሠርግ፣ ማኅበር። የጥምቀት ዕለት ደግሞ አይነሳ። አባባ ታቦት ለመሸኘት ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ፣ ሕዝብ መሃል ሽንት ቤት እንዳያስፈልጋቸው ብለው ከዋዜማው ጀምሮ ሽሮፑን ዘለሉት። ለሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን እናዛውራለን እንጂ አንዘልም። ጉዞ ካለ ጠዋት የሚወሰደው ሲመለሱ ይሆናል፤ የቀኑ ድምር ግን አይጎድልም።

ጠርሙሱ ሲሶ ሲቀረው አዲስ ግዙ። ከደባርቅ፣ ከጭልጋ ወይም ከመተማ የምትመጡ ከሆነ እስከ ቀጠሮ የሚያደርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ። ላክቱሎዝ ጠፋ ብላችሁ በኮሶ ወይም በሌላ የሚያሽር ቅጠል አትተኩት። እነዚያ ሆድ ያጥባሉ፣ አሞኒያውን ግን እንደዚህ አይዙትም፤ ሰውነትንም ያደርቃሉ።

3. ሁለተኛው መድኃኒት

ሽሮፑን በአግባቡ እየወሰደ ደግሞ የተመለሰበት ሰው ሪፋክሲሚን ሊጨመርለት ይችላል። አንጀት ውስጥ ብቻ የሚሠራ አንቲባዮቲክ ነው፤ ወደ ደም እምብዛም አይገባም። የተለመደው መጠን 550 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ነው። በ2010 የፈረንጆች ዓመት የወጣ ትልቅ ጥናት በ6 ወር ውስጥ የተመለሰባቸውን ቆጥሮ ነበር። ሪፋክሲሚን ከወሰዱት መካከል 22 በመቶ ያህሉ ላይ፣ ካልወሰዱት 46 በመቶ ያህሉ ላይ ነው የተመለሰው። አብዛኞቹ በሁለቱም ወገን ላክቱሎዝ ይወስዱ ነበር። ይህን ልብ በሉ። ኪኒኑ የሚጨመረው በሽሮፑ ላይ ነው፤ ተተኪው አይደለም። ዋጋው ኪስ ይጎዳል። ገንዘብ ካጠረ ዝም ብላችሁ አንዱን ከማቋረጥ ለሐኪሙ ንገሩት።

4. አብሉት። ማታም አብሉት።

ድሮ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ፕሮቲን ይከለከል ነበር። ዛሬም «ሥጋ እንዳያይ፣ ወተት እንዳይቀምስ» የሚል መካሪ ሞልቷል። ሐሳቡ ተቀይሯል። አሁን የሚመከረው በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን በቀን ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። ምክንያቱ ጡንቻ ነው። ጉበት ሲደክም አሞኒያን ከደም የሚያጸዳው ሌላው ቦታ ጡንቻ ነው። ፕሮቲን የተከለከለ ሰው ጡንቻው ይከሳል፣ ያ ረዳቱም አብሮ ይሄዳል።

ደስ የሚለው፣ የእኛ ማዕድ ለዚህ የተመቸ ነው። የጥራጥሬና የወተት ፕሮቲን ከሥጋው ይልቅ ለእነዚህ ሰዎች ይስማማል። ጥራጥሬው ደግሞ አሰር ስላለው ሆድ ያለሰልሳል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት ወደ 20 ግራም። ሽሮ የድሃ ምግብ ነው እያሉ የሚያፍሩ ሰዎችን ይህን ቁጥር አሳይቻቸዋለሁ። የጎርጎራ ቆሮሶ ዓሣ ከተገኘም ግሩም ነው፤ በደንብ ይብሰል። ሥጋም አይከለከልም፤ በየጥቂቱ ይከፋፈል። የፋሲካ ዕለት ከ55 ቀን በኋላ በአንድ መቀመጫ ዶሮውንም ጥብሱንም ማግበስበስ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ጨርሶ ይቅር፤ ኢንፌክሽን የሚገባበት በር ነው።

ከምኑ ይልቅ መቼው ይበልጣል። ጉበቱ የደረቀ ሰው ስንቅ የለውም። ጤነኛ ጉበት ስኳር ያከማችና ሌሊቱን በዚያ ያልፋል። የታመመው ጉበት ማከማቻው ባዶ ነው። የአንድ ሌሊት ረሃብ ለእሱ ለጤነኛ ሰው እንደ 2 ወይም 3 ቀን ጾም ነው። ሰውነቱም ጡንቻውን ይበላል። ስለዚህ፦

ቀን ከ3 ወይም 4 ሰዓት በላይ ባዶ ሆድ አይቀመጥ። 5 ወይም 6 ትንንሽ ማዕድ ከ3 ትልልቅ ይሻላል። ጠዋት እንደነቃ ይብላ። ከመተኛቱ በፊት ደግሞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ፣ የሚያሳድረው ነገር ይቅመስ። አባባ በሶ ነው የሚወዱት። ድሮ መንገደኛ ሲሆኑ የያዙት ስንቅ አሁን የሌሊት ስንቃቸው ሆነ። ዳቦ በወተት፣ አጥሚትም ይሆናል። ስኳር በሽታ ካለባቸው ዓይነቱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ ማታ መብላቱ ግን አይቅር።

ሆዱ ውሃ ለቋጠረ ሰው ጨው መቀነስ አለበት። ወፍጮ ሲወጣ ጨው የተቀላቀለበት ሽሮና በርበሬ እንዳለ አትርሱ። እኛ ለአባባ ለብቻ ያለ ጨው አስፈጨን። በመጀመሪያው ቀን «ይህ የገለባ ወጥ ነው» ብለው ትተውት ተነሱ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ስንጨምርበት ታረቁት። ምግቡን ጨርሰው ከሚተዉት ግን ትንሽ ጨው ገብቶበት ቢበሉት ይሻላል። ውሃ መጠጣትን ግን ሐኪም ሳያዝዝ አትከልክሉ።

በእግር መሄድም የምግቡ አካል ነው። የበላው ፕሮቲን ጡንቻ የሚሆነው ሲንቀሳቀስ ነው። ጠዋትና ማታ ግቢ ውስጥ መመላለስ ይበቃል።

5. የጾሙን ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ

እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይቸገራል። ሁዳዴ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት እራት የበላ ሰው እስከ ማግሥቱ 9 ሰዓት ቢቆይ 20 ሰዓት ባዶ ሆድ ነው። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። ጉበቱ ለታመመ ሰው ይህ ሱባዔ ሳይሆን አደጋ ነው። የጾሙ ምግብ ራሱ ችግር የለበትም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ እንዲያውም ጥሩ ነው። የሚጎዳው ሰዓቱ ነው።

ከአባታችሁ ጋር አትከራከሩ። አታሸንፉም። የንስሐ አባታቸውን ጥሩ። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም፤ ግን ይህን ከልጅ አፍ መስማትና ከካህን አፍ መስማት አንድ አይደለም። የእኛ መምሬ መጥተው ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀባቸው። «ሰዓቱን ፈትቼዎታለሁ፤ ከፈለጉ ከሥጋውና ከወተቱ ይጾሙ» አሏቸው። አባባ በእፎይታ ተነፈሱ። ለካ እሳቸውም ፈርተው ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለመምሬ ትቻለሁ። እስላም ወገኖቻችንም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ ቁርኣን የታመመን ሰው ከረመዳን ጾም ያሳርፈዋል። ከኢማማችሁ ጋር ተመካከሩ።

ጸበልም እንዲሁ ነው። ጸበል ሂዱ፣ ተጠመቁ። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። ብዙ ጠጥቶ ማስመለስና ማስቀመጥ ሰውነቱን ያደርቀዋል፣ የደሙን ጨው ያዛባል። ቀመስ አድርጎ መጠመቅ ይበቃል። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ በግልጽ መክረዋል። ለጉበቱም ያው ነው። በተለይ ለሄፓታይተስ ቢ ቴኖፎቪር የሚወስድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ቢያቋርጥ ቫይረሱ ተነስቶ ጉበቱን በሳምንታት ሊያወድመው ይችላል።

6. መድኃኒት ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ ጉበቱን ንገሩ

ቃል የገባሁት ታሪክ እዚህ ጋ ነው። አባባ ከሆስፒታል በወጡ በ6ኛው ሳምንት ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ አላቸው። ቀን ያንጎላጃሉ፣ ሌሊት ጣሪያ ያያሉ። አሳዘኑኝ። ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄጄ «አባቴ እንቅልፍ አጣ» አልኩ። ስለ ጉበቱ አልነገርኩም፣ የሚሸጠውም አልጠየቀኝም። ዳያዜፓም የሚባል የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠኝ። አንድ ዋጡ። በነጋታው ቀሰቀስናቸው፣ አልነቁም።

ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር። ሌሊትና ቀን መገለባበጡ ራሱ የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት ነው። አሞኒያው መነሳት ጀምሯል ማለት ነው። እኔ ምልክቱን በኪኒን ለማጥፋት ሞከርኩ። የታመመ ጉበት ደግሞ ያንን ኪኒን ቶሎ ማስወጣት አይችልም። እንቅልፍ ሲገለባበጥ ኪኒን ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ጣሳውን ቁጠሩ።

ስለዚህ መድኃኒት ቤት ስትገቡ የመጀመሪያው ቃላችሁ «የጉበት ሲሮሲስ ያለበት ሰው ነው» ይሁን። የእንቅልፍ ኪኒኖች፣ እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች፣ የሚያስተኙ የጉንፋንና የማሳከክ ኪኒኖች (ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን) ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይገዙ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፊን የሚባሉት ማስታገሻዎች ኩላሊቱን ይጎዳሉ፣ ደምም ያፈሳሉ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ግን በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ከ4 ባለ 500 ፍሬ፣ አይለፍ። የጨጓራውን ኪኒን ኦሜፕራዞልን ሁሉም ሰው እንደ ከረሜላ ነው የሚውጠው። ለእነዚህ ሰዎች ግን ኢንፌክሽንና የዚህ ችግር መመለስ ሊያበዛ እንደሚችል ይታወቃል። የታዘዘበት ምክንያት ካለ ይቀጥል፤ ከሌለ ሐኪሙን «አሁንም ያስፈልጋል ወይ?» በሉት።

ላዚክስና ስፓይሮኖላክቶን የሚባሉትን የሽንት መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ሚዛን ግዙ። ጠዋት ሽንት ከሸና በኋላ ከቁርስ በፊት ይመዘን። እግሩ ሳያብጥ በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ እብጠት ካለ ደግሞ ከ1 ኪሎ በላይ ለተከታታይ ቀናት ከቀነሰ የሽንት መድኃኒቱ በዝቶበታል ማለት ነው። ደውሉ። ተቅማጥ ወይም ማስመለስ በያዘው ቀንም እንዲሁ።

ስለ መጠጥ አጭር ነው። ጠላም መጠጥ ነው። «ጠላ እኮ ምግብ ነው» ለሚል ዘመድ ብርዝ ቅዱለት፣ ለአባታችሁም ያንኑ። አረቄውን ከቤት አውጡት።

7. ጠዋት ጠዋት ሦስት ፈተና

ይህ ችግር ብዙ ጊዜ ድንገት አይወድቅም። ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ይናገራል። የሚያዳምጥ ካለ።

አንደኛው፣ ጽሑፍ ነው። አባባ በየጠዋቱ ደብተሩ ላይ ቀኑንና ስማቸውን ይጽፋሉ፣ አንድ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብም ይሥላሉ። የደህና ቀናቸውን ጽሑፍ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጡ። ፊደሉ ሲንሻፈፍ፣ ኮከቡ ጫፍ ሲጎድለው ታዩታላችሁ። ሁለተኛው የልጆቹ ጨዋታ ሆኗል። በ1 ደቂቃ ስንት እንስሳ ይጠራሉ? ይህን ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ከ10 በታች መሆን የሚያሳስብ ነው። አባባ ደህና ቀን 18 ይጠራሉ፤ ከሰሜን ተራራ ዋሊያና ጭላዳ ይጀምራሉ። ከሰው ጋር ሳይሆን ከራሳቸው ጋር አነጻጽሯቸው። 18 የነበረው 11 ከሆነ ነገር አለ። ሦስተኛው እጅ ነው። ትራፊክ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም እንደሚያደርገው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ቀና ያድርጉ። ጣቶቹን ይበትኑ። መዳፉ እንደ ወፍ ክንፍ ከተርገበገበ ምልክት ነው።

ከእነዚህ ሌላ ፀባይን እዩ። ዝምተኛው ለፍላፊ፣ ትዕግሥተኛው ቁጡ ሲሆን። ገንዘብ መቁጠር ሲሳሳት። ሱሪውን ገልብጦ ሲለብስ። ትንፋሹ እንግዳ የሆነ የሚጣፍጥ ሽታ ሲያመጣ። መኪና ወይም ባጃጅ የሚነዳ ሰው ከሆነ አንድ ጊዜ ከሳተ በኋላ ሐኪም ሳይፈቅድ መሪ አይያዝ።

ምልክት ስታዩ መጀመሪያ ጣሳውን ቁጠሩ። ድርቀት ከሆነና ሰውየው በደንብ ነቅቶ ከሆነ በተስማማችሁበት ደንብ ሽሮፑን ጨምሩ፣ ለሐኪሙም ደውሉ። በዚያው ቀን ካልተመለሰ ሂዱ።

8. ሳትጠብቁ የምትወጡበት ሰዓት

ትኩሳት ካለው፣ ወይም ሆዱ ውሃ ቋጥሮ የሚያምመው ከሆነ፣ አትጠብቁ። ሆድ ውስጥ ያለው ውሃ ጀርም ገብቶበት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ትኩሳት እንኳ የለውም፤ መፍዘዙ ብቻ ነው የሚታየው። ከመተማና ከሁመራ ቆላ የመጣ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ወባም ይታይለት። ደም ካስመለሰው፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ይህ ደም ነው። ደሙ ራሱ አንጀት ውስጥ ፕሮቲን ሆኖ አሞኒያ ያመርታል። ሽንቱ ከጠፋም እንዲሁ። ወድቆ ጭንቅላቱን ከመታ በኋላ ከፈዘዘ በአሞኒያ አታመካኙ፤ የጉበት ሕመምተኛ ደሙ ቶሎ አይረጋም፣ ጭንቅላት ውስጥ ሊፈስ ይችላል።

ከተማችን ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው። ከገጠር ከሆናችሁ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ግቡ፤ ከዚያ በአምቡላንስ ይላካል። እኛ ሌሊት ስልኩን የማይዘጋ አንድ የሰፈራችንን ባለባጃጅ አስቀድመን አነጋግረናል። ስልኩ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

የተዘጋጀ ፌስታል በር አጠገብ ይኑር። የሕክምና ካርዱ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ ጋቢ፣ ሽንት ጨርቅ፣ የስልክ ቻርጀር።

ሰውየው በደንብ ካልነቃ በአፉ ምንም አትስጡት። ውሃም፣ ሽሮፑንም፣ ጸበልም። ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙት፣ አንገቱን ቀና አድርጉ። ሆስፒታል ስትደርሱ «አባታችን ታመው» ከማለት በፊት ሦስት ነገር ንገሩ፦ የጉበት ሲሮሲስ ያለበት ሰው ነው፤ ከዚህ በፊት በዚህ ስቶ ያውቃል፤ ባለፉት 3 ቀናት ይህን ያህል ጊዜ ወጥቷል። ያ ደብተር ስለሚያስፈልጋችሁ ከፌስታሉ ጋር ይዛችሁት ውጡ።